እትዬ ሚቺኮ ለአባቴ ሐዘን ሲቀመጡ

ከደሴ የወጣሁበት ምሽት ያካፋ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲጭንና ሲያራግፍ የኖረ ሰው የእኔን አንድ ሻንጣ የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። ከፊት ያስቀምጠውና መልሶ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ይሸፍነውና መልሶ ይገልጠዋል። ለጎረቤት የተነገረው ለዘመድ ሠርግ አትላንታ ደርሼ እንደምመለስ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስታችን ግን እውነቱን እናውቃለን፤ ስለምናውቅም ማናችንም አላነሳነውም። እናቴ ስለ በርበሬው ታወራለች፣ አባቴ ስለ መንገዱ፣ እኔ ስለ ሠርጉ።

በጦርነቱ ጊዜ የደረሰብኝን እዚህ አልጽፈውም። ለኢሚግሬሽን ጽፌዋለሁ፤ ተተርጉሞ፣ ተፈርሞበት ገብቷል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አንድ ጊዜ ከጻፈው ይበቃዋል።

አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ የእናቴን ፌስታል ብድግ አደረገ። ምንድን ነው አለኝ። ምግብ ነው አልኩት። ምን ዓይነት ምግብ ብሎ አፍንጫውን ሲያስጠጋ በርበሬው ነበርና ዕንባው እስኪወርድ አስነጠሰው። ዓይኑን እየጠረገ «ለስንት ጊዜ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«ለሠርግ ነው» አልኩት።

«ሙሽራዋን አደራ» አለና ፌስታሉን መልሶ አሳለፈኝ። አሜሪካ የገባሁት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ያረፍኩት ሊቶኒያ፣ የአክስቴ ልጅ ምስራቅ ቤት ነው። ምስራቅ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ባልና ሦስት ልጆች አሏት። ያለችበት ሰፈር ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ከአንዴም ሁለቴ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። የገባሁት በክረምት ነበር፤ የእኛን ክረምት ማለቴ ነው፣ ለነሱ የሙቀት ወር ነው። የደሴን ብርድ የለመደ ሰው ጆርጂያ በሐምሌ ሲገባ የሚፈላ ድስት ላይ የተከደነ ክዳን የሆነ ይመስለዋል። ከምስራቅ ትንሿ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተኛሁ፣ ልጆች ጠበቅኩ፣ ዎርክ ፐርሚቴ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ሲመጣ ሥራ የተገኘው ኬኔሶ ሆነ፤ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ከንጋት በፊት ገብቶ ዕቃ መደርደር። ኬኔሶ ደግሞ ከሊቶኒያ አትላንታን አቋርጦ በሌላው ጫፍ ነው፤ መኪና ለሌለው ሰው ሌላ አገር እንደማለት። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ከቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት የሚያከራዩ አንዲት ጃፓናዊት አሉ ብላ ወሰደችኝ።

በሩን የከፈቱልን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ትንሽዬ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ናቸው። ሚቺኮ እባላለሁ አሉ። ባለቤታቸው የፋብሪካ ኢንጂነር ሆነው ወደዚህ ሲመጡ ተከትለዋቸው መጡ፤ ባለቤታቸው ሞቱ፣ አንድ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ነው፣ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። ይህንን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ነገሩኝና ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ታበስያለሽ?»

«አዎ።»

«የሚሸት ነገር ነው?»

መዋሸት አልፈለግኩም። «በጣም ይሸታል» አልኳቸው።

«እኔም ዓሣ እጠብሳለሁ። አንዳችን የሌላችንን እንችላለን። ጫማሽንስ ታወልቂያለሽ?»

«እኛ የምናወልቀው ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ነው።»

«እዚህ ቤት ስትገቢ ነው» አሉ። «የኪራይ ሊዝ የለኝም፣ ወረቀት አልወድም። መሄድ ስትፈልጊ ንገሪኝ።»

ስሜ ጥሩወርቅ ነው ስላቸው ሦስት ጊዜ ሞክረው «ቲሩ ሳን» ላይ አረፉ፤ «ሳን» የእነሱ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኔም «ሚስስ ሚቺኮ» ብዬ ጀመርኩ፤ ብዙ ሳልቆይ ግን አፌ ራሱ «እትዬ ሚቺኮ» አለ። ምን ማለት ነው ሲሉኝ የታላቅ ሴት አክብሮት ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው።

በየማለዳው ለሥራ ስነሳ ከበላዬ ሁለት ጭብጨባ እሰማ ነበር። ጧ፣ ጧ። ድመት እየጠሩ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ድመቷን ግን አይቻት አላውቅም። አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ወደ ላይ ስወጣ ጉዱን አየሁት። ኩሽናው አጠገብ፣ ከሰው ራስ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ካልተቀባ እንጨት የተሠራች የቤተ መቅደስ ቅርጽ ያላት ትንሽ ቤት አለች። ከፊቷ የተጎነጎነ የገለባ ገመድ፣ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ቅጠል፣ በነጫጭ ሸክላ ላይ ሩዝ፣ ጨውና ውኃ። እትዬ ሚቺኮ ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አስረው፣ ሁለቴ ጎንበስ አሉ፣ ሁለቴ አጨበጨቡ፣ አንዴ ጎንበስ አሉ። እኔ ከበሩ ላይ አማተብኩ። ዞር ሲሉ አዩኝ፤ ቅር አላላቸውም። ገና ትኩስ ሩዝ አለ፣ ብዪ አሉኝ።

ያን ቀን ለምስራቅ ደወልኩላት። ምስራቅ ጴንጤ ናት፣ ነገር አታለባብስም። «ይሄ እኮ ጣዖት ነው፣ ሲሪየስሊ። ሙቭ አድርጊ» አለችኝ። የንስሐ አባቴን ስጠይቅ ደግሞ «ቤቱ የእሳቸው ነው፣ እምነቱ ያንቺ ነው። አትስገጂ፤ ለዚያ የቀረበውን አትብዪ። አትናቂም» አሉኝ። ሦስተኛውን ከሁሉ አስረግጠው ነበር የተናገሩት።

የተባልኩትን ለእትዬ ሚቺኮ እንዳለ ነገርኳቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በጣም የተለመደ ነገር የሰሙ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመደርደሪያው የሚወርደውን እኔ እበላዋለሁ፣ ላንቺ ከድስቱ እጨልፍልሻለሁ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከአንድ የሩዝ ድስት በላን። እኔ ወጤን ይዤ እወጣለሁ፣ እሳቸው ዓሣቸውን ያቀርባሉ፤ በጾም ቀን ዓሣውን ትተው ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር እርጎ የመሰለ ነገር ይሠሩልኛል።

ለማን ነው የሚጸልዩት ብዬ ጠየቅኳቸው። ለፀሐይ፣ ለተወለድኩበት መንደር ተራራ፣ ይህን ቦታ ለሚጠብቀው አሉኝ። ሃይማኖቱ ሺንቶ ይባላል፤ የሚያከብሯቸውን ደግሞ ካሚ ይሏቸዋል።

«ኬኔሶም ጠባቂ አለው?» አልኳቸው፤ ለቀልድ ነበር።

«የሌለው ቦታ የለም» አሉኝ እሳቸው ከልባቸው። «የዚህኛውን ስሙን አላውቀውም። ግን እንግዳ ሆኜ ስመጣ አላባረረኝም፤ ስለዚህ በየጠዋቱ አመሰግነዋለሁ።»

ይህንን ከሰማሁ በኋላ መሳቅ ተውኩ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ይህን አገር ስጠይቀው እንጂ ሳመሰግነው ትዝ አይለኝም።

እውነቱን ልናገር፣ ትጋታቸው አስቀናኝ። ትኩሳት ይዟቸው አልጋ ላይ በዋሉበት ሰሞን እንኳ ግድግዳ ይዘው ተነስተው ውኃውን ይቀይራሉ። ከመደርደሪያው ግራና ቀኝ የሚያኖሩት ሳካኪ የሚባል ቅጠል እዚህ ስላላገኙ፣ ሰው ለአጥር የሚተክለውን አንድ የሚመስለውን ቁጥቋጦ ጓሯቸው አሳድገዋል፤ ከሱ ሲቆርጡ ለዛፉ ጎንበስ ይላሉ። ዘመን ሊለወጥ ሲል ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል ያጥባሉ። በፌብሩዋሪ በር ከፍተው የተቆላ አኩሪ አተር ወደ ውጭ ይበትናሉ፤ ክፉው ይውጣ፣ በረከት ይግባ ማለት ነው አሉኝ። ሕዳር ሲታጠን ትዝ አለኝ። እኛም ቆሻሻውን አቃጥለን በጭስ በሽታ እናባርር የለ? የጎረቤት ውሻ መጥቶ አተሩን ለቅሞ ሲበላው «እሱም ይነጻል» አሉና ሳቁ።

ከሁሉ የወደድኩት የጁን መጨረሻውን ነው። የዓመቱ አጋማሽ ላይ የስድስት ወሩን እድፍ የሚያራግፉበት ቀን ነው። ከጓሮው ረጃጅም ሣር አጭደን ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ትልቅ ቀለበት ጎነጎንን፤ ማጨዱንና ማሰሩን አግዣቸዋለሁ፣ ሣር ሣር ነው። ካህን በቅርብ ስለሌላቸው አንድ ሽማግሌ ጸሎቱን አነበቡ። አትላንታ ሚድታውን ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ኖሪኮ የሚባሉ የእትዬ ሚቺኮ ጓደኛ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፣ ሌሎችም ቤተሰቦች መጡ። አንድ በአንድ በቀለበቱ ውስጥ አልፈው በግራ ይዞራሉ፣ መልሰው ገብተው በቀኝ፣ ከዚያ እንደገና በግራ። እኔ ነጠላዬን አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየሁ። ማንም ነይ እለፊ አላለኝም፣ ማንም ለምን ተቀመጥሽ አላለኝም። የታጨደው ሣር ሽታ የበዓል ቀን ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ቤታችንን አመጣብኝና ዓይኔ ሞላ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዲሴምበር ገባ።

አንድ ማለዳ፣ ለሥራ ለባብሼ ሳልወጣ፣ የላይኛው በር ተንኳኳ። የአባባ ደም ግፊት እንዳስቸገረው አውቅ ነበር፣ ሆስፒታል መግባቱን ግን አልነገሩኝም። እትዬ ሚቺኮ ሲከፍቱ ምስራቅና ባሏ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት እናቶችና አንድ ዲያቆን፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከሊቶኒያ ድረስ በጨለማ ነድተው የመጡት መርዶውን እኔ ሥራ ሳልሄድ ለማድረስ ነው። እትዬ ሚቺኮ ስለ መርዶ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ፊታቸውን ግን አይተዋል። ወደ ጎን ሆኑ። ለቀስተኞቹ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው እያወለቁ ገቡ። እኔ ከታች ስወጣ በመጀመሪያ ያየሁት ያንን በካልሲ የቆመ ሕዝብ ነው። ወዲያው ገባኝ።

የጮህኩትን ጩኸት አልረሳውም። ሰፈሩ ፖሊስ እንዳይጠራብን ምስራቅ አፌን በደረቷ አፈነችው።

በማግስቱ ጠበቃዬ ቢሮ ደወልኩ። ስልክ የምታነሳው ልጅ በጣም ትሑት ናት። አባቴን ልቅበር አልኳት፤ መቀበሩን ባውቅም እንዲያ ነው ያልኩት። በጣም አዝናለሁ አለችኝና «መሄዱን ማንም አይከለክልሽም። ችግሩ መመለሱ ነው» አለች። ያለ ፈቃድ ከወጣሁ የጥገኝነት ኬዙን እንደተውኩት ይቆጠራል። ፈራሁ ብዬ የሸሸሁት አገር ተመልሼ ስገባ ደግሞ፣ አልፈራችም ይባላል። ማልቀስ ይፈቀድ እንደሆነ ልጠይቃት ነበር፤ ለሷም አዘንኩላትና ተውኩት።

ከዚያ ስልክ በኋላ ወደ ላይ ስወጣ ወይዘሮ ኖሪኮ በርጩማ ላይ ቆመው መደርደሪያው ላይ ነጭ ወረቀት ሲለጥፉ አገኘኋቸው። ትንሿ ቤት ሙሉ በሙሉ ተጋርዳለች። ሩዙ፣ ጨውና ውኃው፣ ቅጠሉም ተነስቷል። እትዬ ሚቺኮ ራቅ ብለው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፣ አይነኩም።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የእንግሊዝኛ ቃል ሲፈልጉ ቆዩና፣ ቤት ውስጥ ሞት ሲኖር ንጹሕ አይደለም፣ ካሚ ፊት አይቀረብም አሉኝ።

ሌላውን አልሰማሁም። ንጹሕ አይደለም የሚለው ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ወደ ታች ወርጄ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። አባቴ፣ ከሰው ዕቃ አንድ ፍሬ ጎሎበት የማያውቀው ሰው፣ በሞቱ ያረከሰው ቤት ተገኘ ብዬ ነደድኩ። ምስራቅ አጠገቤ ነበረች። ነግሬሽ ነበር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ግን «ሴትዮዋ እኮ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ቢያንስ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ማታ ወጣሁ። እትዬ ሚቺኮ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልውጣልዎት?» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«ሌላ ቤት። ቤትዎን አርክሼብዎታለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቃሉ ኬጋሬ ነው፣ በእንግሊዝኛ አይመጣልኝም አሉ። ቆሻሻ ማለት አይደለም፤ የሰው ጉልበት ሲደርቅ፣ ነፍስ ውኃ እንዳጣ ተክል ስትጠወልግ ነው የሚሉ አሉ። ያዘነ ሰው ጠውልጓል፤ እንዲህ ሆኖ አመስግን፣ አጨብጭብ አይባልም። ወረቀቱ ሐዘንተኛውን ያሳርፈዋል። ለሃምሳ ቀን።

«ወረቀቱን ለምን እርስዎ አለጠፉትም?»

«ሐዘንተኛ ራሱ አይለጥፍም። የውጭ ሰው ነው የሚለጥፍለት።»

«ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከአንድ ድስት ነው የምንበላው» አሉ። «ባለቤቴ ሲሞት ልጄ ለቀብሩ መጥቶ ወዲያው ወደ ሥራው ተመለሰ። ከወረቀቱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ጊዜው በጣም ረጅም ነበር። አንቺ ብቻሽን እንድትቀመጪ አልፈልግም።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና የአባቴን ሞት እንደ አዲስ አለቀስኩት። እሳቸው ድምፅ ሳያሰሙ አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ። አባቴን ፎቶውን እንኳ አይተውት አያውቁም ነበር፤ በኋላ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው።

ምን እንዳስቀረሁባቸው የነገሩኝ ወይዘሮ ኖሪኮ ናቸው። የጃፓኖች ታላቁ በዓል ጃንዋሪ አንድ የሚውለው የዘመን መለወጫ ነው። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ በየዓመቱ ሁሉም የሚሰበሰበው እትዬ ሚቺኮ ቤት ነው፤ ለሱ ብለው በሩ ላይ የሚቆመውን ጥድና ቀርከሃ ሳይቀር አዘጋጅተው ነበር። ዘንድሮ ሐዘን ላይ ነኝና አላከብርም፣ እናንተ ሌላ ቤት አክብሩ ብለው ላኩ። ለተከራይ እንዲህ ያደረገ ሰው ሰምቼ አላውቅም አሉኝ ወይዘሮ ኖሪኮ፤ ትንሽም የገረማቸው ይመስላሉ። በዓሉ ዕለት ሁለታችን ቤዝመንት ተቀምጠን ወጥ አልባ ሩዝ በላን። ገና ሲመጣም እኔ ምንም አላደረግኩም፣ እሳቸውም ምንም አልጠየቁም።

የአባቴ አርባ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሲወጣ ልምጣ ወይ አሉኝ። አምላክሽ አይቆጣም? አሉ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፤ ከእኛው ጋር ይምጡ አሉኝ። እትዬ ሚቺኮ ጥቁር ለብሰው ከበሩ አጠገብ፣ ከእናቶቹ ኋላ ቆሙ። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ጸበል ጻዲቁ ሲቀርብ አንዲት እናት መጥተው «እግዜር ያጽናሽ፣ እናቴ» ብለው በአማርኛ አቀፏቸው። ምን እንዳሉኝ ንገሪኝ አሉኝ በመኪና ስንመለስ። ነገርኳቸው። እስከ ኬኔሶ ድረስ መስኮቱን እያዩ ሄዱ።

ሃምሳው ሲሞላ ወረቀቱን አነሱት። መደርደሪያውን ወለወሉ፣ ውኃ ቀዱ፣ ጨው አኖሩ። እኔ እንደ መጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለቴ አጨበጨቡ፤ ድምፁ ለካ ናፍቆኝ ኖሯል። አልሰገድኩም። በራሴ መንገድ «ተመስገን» አልኩ፣ ያ ብቻ ነው ከአፌ የወጣው።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ እናቴ ደወለች። ሐዘኗን በመጠኑ ስለጨረሰች አሁን ወደ ሰው ውለታ ገብታለች፤ ማን ማን ለቅሶ እንደደረሰልኝ ትጠይቃለች፣ በሷ በኩል ልትመልስ። ምስራቅን፣ እናቶቹን፣ ዲያቆኑን ነገርኳት። ከዚያ ስለ እትዬ ሚቺኮ እንደገና በደንብ ነገርኳት፣ ወረቀቱንም በዓሉንም። ሃይማኖታቸው ምንድን ነው አለች። የቻልኩትን ያህል አስረዳሁ። ታዲያ እኔ ለሳቸው ለማን ላልቅስላቸው፣ የሞተ ሰው የላቸውም? አለችኝ። ባላቸው ሞተዋል አልኳት።

«ማን ይባላሉ?»

አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ባለቤቴ ሲሉ ሰምቼ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ላይ ወጣሁ። እትዬ ሚቺኮ ልብስ እያጠፉ ነበር፤ እናቴ የባለቤትዎ ስም ማን ነው እያለች ነው አልኳቸው። «ታዳሺ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ታደሰ?» አለች እናቴ ከወዲያ።

«ታዳሺ ነው፣ እማ።»

«ታደሰ» አለች በቃ፣ ጨርሳለች። ከዚያም እናቴ፣ ደሴ ቤታችን ውስጥ ተቀምጣ፣ እንደ ወጉ አለቀሰችላቸው። ወይ ታደሰ፣ በሰው አገር የቀረኸው፣ ባልንጀራህን ብቻዋን የተውካት እያለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። እትዬ ሚቺኮ የያዙትን ልብስ አስቀመጡ፤ ቃሉ ባይገባቸውም ስሙን ሰምተዋል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለስልኩ ጎንበስ አሉ፣ እናቴ እስክትጨርስም ቀና አላሉም።

እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ በሌላ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ ሚቺኮ።

«መቼ ነው የምትመጪው እያለችኝ ነው።»

«ምን አልሻት?»

«ገና ምንም አላልኳትም።»